ሰርተፍኬቱ ይቅር፣ ሥዕሉ ይገዛ

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ
ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት

ጉዳዩ፦ ከተማዋ በየዓመቱ ከሠዓሊዎቿና ከቀራፂዎቿ ሥራ እንድትገዛ ስለመጠየቅ

ክቡራን ሆይ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

እስቲ ከከተማችን የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ወደ አንዱ ግቡና ግድግዳውን ተመልከቱልኝ። «ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች» የሚል ባነር ተሰቅሏል። ከጎኑ የዜጎች ቻርተር አለ። ቀጥሎ አገልግሎቱ ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ በቀስት የሚያሳይ ሰንጠረዥ፣ ስለ ሙስና የሚያስጠነቅቅ ጥቅስ፣ የአምና የባንክ ካላንደር። ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ የላስቲክ አበባ ቆሟል። መታወቂያ ለማደስ ወይም የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት የመጣ ሰው ከዚህ ግድግዳ ፊት ለፊት ተራ ይዞ ግማሽ ቀን ይቀመጣል። «ሲስተም የለም» ከተባለ ነገም ይመጣል። እኔ በበኩሌ ራዕዩ ይሳካበታል የተባለው ዓመት ካለፈ የቆየ ባነር ሥር ተቀምጬ አውቃለሁ።

ይሄ ሁሉ በነጻ አልተሰቀለም። ባነሩ ሲታተም ተከፍሎበታል። መዋቅር በተቀየረ ቁጥር ደግሞ እንደ አዲስ ይታተማል። ከተማዋ ለግድግዳዎቿ ገንዘብ ማውጣት ከጀመረች ቆየች ማለት ነው። ጥያቄዬም ከዚሁ ይነሳል። ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ በየዓመቱ፣ በታወቀ ደንብ፣ እዚሁ ከተማ ከሚሠሩ ሠዓሊዎች፣ ቀራፂዎችና ፎቶ አንሺዎች ሥራ ይገዛበት። የተገዛው የከተማው ሕዝብ ንብረት ሆኖ ይመዝገብ። መጋዘን አይግባ። ሰው ተራ በሚጠብቅበት ቦታ ይሰቀል።

ለኪነ ጥበብ ድጋፍ ሲባል የለመድነው ሌላ ነው። በበዓል ሰሞን አዳራሽ ይዘጋጃል። ሠዓሊው ከኪሱ መኪና ተከራይቶ ሥራውን ያመጣል። ሪባን ይቆረጣል፣ ካሜራ ይዞራል፣ ንግግር ይደረጋል። በሦስተኛው ቀን ሠዓሊው ሥዕሉን መልሶ ጭኖ ቤቱ ይገባል። በእጁ የቀረው ሰርተፍኬት ነው። ያውም ባለ ፍሬም። ፍሬሙን አንዳንዴ የምሠራው እኔ ስለሆንኩ በዚህ በኩል ማማረር አያምርብኝም። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሰርተፍኬት የቤት ኪራይ አይከፍልም። ሠዓሊ የተከበረ የሚመስለው ሥራው ሲገዛ ነው፤ የገዛው ሰው ሰቅሎ ሲያሳይለት ደግሞ ይበልጥ።

እንዳልኳችሁ ፍሬም ሰሪ ነኝ። እንጨት እቆርጣለሁ፣ መስታወት እገጥማለሁ፣ ሸራ እወጥራለሁ። ራሴ ባልሥልም የከተማው ሥዕል በእጄ ያልፋል። የማን ሥራ እንደሚሸጥ፣ የማን እንደሚመለስ ከባለቤቱ እኩል አውቃለሁ፤ ምክንያቱም የፍሬሙ ሂሳብ የሚከፈለኝ ሥዕሉ ሲሸጥ ነው። የዱቤ ደብተሬን ያየ የአዲስ አበባን የሥዕል ገበያ አየ።

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ደንበኛዬ አራት ሸራ ተሸክሞ መጣ። ፍሬም ሊያስገባቸው መስሎኝ ነበር። አንዱ ላይ የቦኖ ውሃ ወረፋ ተስሏል። ሰው የለበትም። ቢጫ ጀሪካኖች ብቻ ናቸው፣ በአንድ መስመር የተደረደሩ። በአንዳንዶቹ ላይ የባለቤቱን ተራ የሚጠብቅ ድንጋይ ተቀምጧል። ከመሃል አንዷ ሰማያዊ ናት። ቆሜ አየሁት። ለካስ ልጁ የመጣው የላላውን ሸራ እንዳጠብቅለት ኖሯል። ካጠበቅኩለት በኋላ እዚያው በራፌ ላይ ኮላና ነጭ ቀለም በጥብጦ በሰፊ ብሩሽ ያለብሰው ጀመር። «ምን ነካህ?» ብለው «ሸራው ይፈለጋላ ጋሼ፣ ትዕዛዝ አግኝቻለሁ» አለኝ። ትዕዛዙ ለሆቴል የሚሆን የላሊበላ ሥዕል ነው። ነጩ ቀለም ሁለቴ ተቀብቶም ሰማያዊዋ ጀሪካን በደብዛዛው ትታይ ነበር። በሦስተኛው ጠፋች።

በልጁ አልፈርድም። ጥሩው ሸራም ጥሩው ቀለምም ከውጭ የሚገባ ነው። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። የቱቦ ቀለምም ተከትሎት ወጣ። አቡጀዲ ገዝቶ፣ ራሱ ወጥሮ፣ ራሱ ኮላ ቀብቶ የሚሠራው ብዙ ነው። አሮጌ ሥራውን እየሸፈነ የሚሠራውም እንዲሁ።

ያን የጀሪካን ሥዕል ከተማዋ ገዝታው ቢሆንስ? ልጁ ለላሊበላው አዲስ ሸራ ይገዛ ነበር። እኔም ዱቤዬን አገኝ ነበር። የጀሪካኖቹ ወረፋ ደግሞ ዛሬ አንድ የውሃና ፍሳሽ ቅርንጫፍ ውስጥ፣ አቤቱታ ይዞ ከተሰለፈ ሰው ፊት ለፊት ተሰቅሎ ነበር። ሠራተኞቹ ባይወዱት አይገርመኝም። ተሰላፊው ግን ይወደዋል።

ይህች ከተማ ለጥበብ ገንዘብ ማውጣት አዲሷ አይደለም። ከብሔራዊ ቴአትር አጠገብ የቆመውን አንበሳ በ1948 ዓ.ም. የሠራው ፈረንሳዊው ቀራፂ ሞሪስ ካልካ ነው። የስድስት ኪሎውን የየካቲት 12 ሐውልት አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራፂዎች ሠሩት። በዚያ ዘመን ትልቅ ሥራ ሲኖር ወደ ውጭ ሰው ነበር የሚኬደው። ከዚያ በ1953 ዓ.ም. አፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። የመግቢያው ባለ ቀለም መስታወት፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው፣ የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነው። አፈወርቅ ያን ሥራ ሲረከብ 30 ዓመት አልሞላውም ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ከ30 ዓመት በታች ለሆነ ሠዓሊ፣ ያውም የአህጉሩ መሪዎች በሚሰበሰቡበት ቤት፣ 150 ካሬ ሜትር! ዛሬ እንዲህ ያለ ፊርማ የሚፈርም ኃላፊ ስንት አለ? አዳራሹ በጥቅምት 2017 ታድሶ ሲከፈት መስታወቱም አብሮ ታድሷል። ከ60 ዓመት በኋላ ለእድሳት ገንዘብ የሚወጣበት ሥራ ሆኗል ማለት ነው። ለወጣት መስጠት እንዲህም ያተርፋል።

በቅርቡም ከተማችን ሠርታለች፤ ያልተሠራ ነው ብዬ አልከራከርም። የካቲት 2016 ላይ ፒያሳ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ለብዙ ባለሙያዎች የሥራ ዕድል ሰጥቷል። ግን እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ሲመረቅ ያልቃል። የሚጠራውም ስሙን የተከለ፣ ትልቅ ሥራ የመሸከም አቅም ያለው ሰው ነው። መጠራትም ያለበት እሱ ነው። ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አምና የተመረቀችው ልጅ ግን ነሐስ እንድታቀልጥ አንጠብቅም። ለእሷ የሚያስፈልጋት አንድ መካከለኛ ሥዕሏን የሚገዛት፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ሥራዋን የሚያይላት ገዢ ነው። ትምህርት ቤቱ ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ያስተምራል። ተመራቂዎቹ ግን የከተማቸውን ቢሮ በደንበኝነት አያውቁትም።

ታዲያ ገዢያቸው ማን ነው? የኤምባሲ ሰው፣ የድርጅት ሠራተኛ፣ ክረምት ላይ የሚመጣ ዳያስፖራ፣ አልፎ አልፎ ባንክና ሆቴል። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ እነሱ ባይኖሩ እኔም ሱቄን ዘግቼ ነበር። ግን የገዙትን ይዘው ይሄዳሉ። ይህ ዛሬ የጀመረ ነገር አይደለም። እስክንድር ቦጎሲያን እ.ኤ.አ. በ1964 ከሠራቸው ሥዕሎች አንዱ ኒውዮርክ በሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ሌላው በኖርዝ ካሮላይና የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛሉ። የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥራዎች በጀርመን አገር ሲጠበቁ ኖረው ወደ አገር ቤት ተመለሱ፤ በስሙ የተሰየመው ሙዚየም ስድስት ኪሎ የተከፈተው በ2000 ዓ.ም. ነው። ገብረ ክርስቶስ በስደት ካረፈ 27 ዓመት ሆኖት ነበር። ሥራው በመመለሱ ደስ ብሎናል። ሥዕል ለማየት ግን ሠዓሊው እስኪሞት መጠበቅ የለብንም፤ በሕይወት እያለ፣ ዋጋውም ሳይሰቀል መግዛት ይቻላል።

አሁን ወደ ፋይናንስ ክፍል እንሂድ። ነገሩ የሚበላሸው እዚያ ነው።

እንበልና አንድ ቅን ኃላፊ ለቢሮው ሥዕል መግዛት ፈለገ። ግዢ ክፍል የሚጠይቀው የመጀመሪያ ነገር ሦስት ፕሮፎርማ ነው። ለአንድ ሥዕል ሦስት ፕሮፎርማ ከየት ይመጣል? «ሸራ፣ 80 በ100፣ አረንጓዴ የበዛበት» ተብሎ ስፔሲፊኬሽን ይውጣ? ቢወጣስ ያሸነፈው ዝቅተኛ ዋጋ የሰጠው ነው። ለዚህ ነው በየቢሮው ከቻይና የመጣ የፏፏቴ ሥዕል የምናየው። ፏፏቴው ደረሰኝ አለው። ሦስት ሱቅ ስለሚሸጠው ሦስት ፕሮፎርማም ይገኝለታል። የግዢ ሕጉ አቅራቢው አንድ ብቻ ሲሆን በቀጥታ መግዛትን ይፈቅዳል። አንድን ሥዕል የሠራው ደግሞ አንድ ሰው ነው። ስለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም። የሥነ ጥበብ ሥራ በዚህ መንገድ እንደሚገዛ በግልጽ የሚናገር፣ ኦዲተር ሲመጣ የግዢ ሠራተኛውን የማያስጠይቅ መመሪያ ይበቃል። ሰው ሥዕል ስለጠላ አይደለም የማይገዛው። ኦዲት ፈርቶ ነው።

ቀጥሎ ደረሰኝ። አብዛኛው ሠዓሊ የካሽ ሬጅስተር ማሽን የለውም። አንዳንዱ ቲንም የለውም። ቲን ማውጣቱ ግዴታው ነው፣ ያውጣ። ከዚያ ወዲያ ግን በሁለት ዓመት አንዴ ሥዕል ለሚሸጥ ሰው እንደ ጅምላ ነጋዴ ማሽን ግዛ ማለት አትሸጥ ማለት ነው። በውል፣ በግዢ ሰነድና ግብሩን ከክፍያው ቀንሶ በማስቀረት መጨረስ ይቻላል። ክፍያውም ርክክብ በተደረገ በ30 ቀን ውስጥ ይፈጸም። ስድስት ወር የቆየ ክፍያ ድጋፍ አይባልም። እንደውም ሠዓሊው ለመንግሥት ያለ ወለድ አበደረ ነው የሚባለው።

ሦስተኛው ንብረት ክፍል ነው፤ እኔን በጣም የሚያስፈራኝም እሱ ነው። ዕቃ ሲገባ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል። ቋሚ ንብረት ተብሎ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ ወንበሩ ጀርባ ላይ በቀለም እንደሚጻፈው ሥዕሉም ላይ ቢጻፍ ማን ይከለክላል? ከዚያ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ ይሰላበታል። ኮምፒውተሩ ዋጋ ባጣበት ዓመት ሥዕሉም በወረቀት ላይ ዋጋ ያጣል። በመጨረሻ የንብረት ማስወገድ ኮሚቴ መጥቶ ከተሰበረ ወንበርና ከሞተ ፕሪንተር ጋር በአንድ ሎት ጨረታ ያወጣዋል። ሁሉም በሕጉ መሠረት፣ ማንም ሳይጠየቅ። ሥዕል ግን ቢያንስ ቢያንስ በዓመት ብዛት ዋጋው ወደ ዜሮ የሚወርድ ዕቃ አይደለም።

መፍትሔው የተለየ መዝገብ ነው። የሥራው ፎቶ ከፊትም ከጀርባም፤ የሠሪው ስም፣ የተሠራበት ዓመት፣ በምን እንደተሠራ፣ መጠኑ፣ የተገዛበት ዋጋ፣ አሁን የተሰቀለበት ቦታና የተረከበው ኃላፊ ፊርማ። ይሄ መዝገብ በኢንተርኔት ለሕዝብ ክፍት ይሁን። በየዓመቱም ቆጠራ ይደረግ። ያለዚያ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ኃላፊው ሲዛወር ሥዕሉም አብሮ ይዛወራል። «ከቢሮዬ ጋር ተላምጄ ነበር» ይባልና ሳሎን ውስጥ ይገኛል።

ደንቡ መሸጥን በግልጽ ይከልክል። እንግሊዝ አገር ኖርዝሃምፕተን የሚባል ከተማ በሙዚየሙ የነበረውን የጥንት ግብፅ ሐውልት እ.ኤ.አ. በ2014 በ15.76 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ። በዚህ ምክንያት የከተማው ሙዚየሞች የነበራቸውን ዕውቅና ተነጠቁ። በጀት ሲጎድል ዓይን የሚያርፈው ግድግዳ ላይ ነው። የእኛ ምክር ቤት ይህን አሁኑኑ፣ ገና የሚሸጥ ነገር ሳይኖረው ቢያስር ይሻላል።

ይህን አሠራር እኔ አልፈጠርኩትም። ሲያትል ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከከተማው የግንባታ በጀት አንድ በመቶውን ለሥነ ጥበብ እንዲውል በሕግ ደንግጓል። ከዚያ ገንዘብ የተገዙ፣ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወሩ ሥራዎች በማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃዎች ውስጥ ይሰቀላሉ። ሲያትል ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት ከተማ ነው፤ ዘመድ ካላችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። መሃል ከተማው ላይ የጉድጓድ ክዳን እንኳ በሠዓሊ ተነድፎ የከተማዋ ካርታ ተቀርጾበታል። (እኛ ጋ መጀመሪያ ክዳኑ ራሱ ሳይሰረቅ ይደር። እሱን ለሌላ ደብዳቤ እናቆየው።) ዋሽንግተን ዲሲም ከአካባቢው ሠዓሊዎች እየገዛ በከተማው መሥሪያ ቤቶች የሚሰቅልበት ክምችት አለው። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1972 ባቋቋመችው የሥነ ጥበብ ባንክ አማካይነት ሥራዎችን ለቢሮዎች ታከራያለች።

የተበላሸውንም ማየት ጥሩ ነው። ኔዘርላንድስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለተቸገሩ ሠዓሊዎች ገቢ እየሰጠች በምትኩ ሥራቸውን ትቀበል ነበር። ማዘጋጃ ቤቶችም የዚሁ አካል ነበሩ። ሐሳቡ ቅን ነው። ሠዓሊው ጦሙን አላደረም። ግን መለኪያው ችግር እንጂ ሥራው ስላልነበር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሥራ መጋዘን ሞላ። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲቋረጥ መንግሥት ለዓመታት የተጠመደው ያን ክምችት በማከፋፈል ነበር። ስለዚህ ይህን እንደ ሴፍቲኔት አታድርጉት። ችግር ላይ ላለ ሠዓሊ የሚሆን ድጋፍ ካለ በሌላ በር ይምጣ። ለግዢ የሚመረጠው ሥራው ነው። የሚሰቀልበት ግድግዳ ሳይታወቅ ደግሞ አንድም ሥራ አይገዛ።

«መራጩ ማን ይሁን?» ትሉኝ ይሆናል። ሠዓሊዎች መጀመሪያ የሚጠይቁትም ይህንን ነው፣ ምክንያቱም ትውውቁን ያውቁታል። በእኔ አስተያየት ኮሚቴው ከሠዓሊያን ማኅበር፣ ከትምህርት ቤቱ፣ ሥዕሉ ከሚሰቀልበት መሥሪያ ቤትና ከአካባቢው ነዋሪ ይውጣጣ። ነዋሪዋ የግድ ስለ ሥዕል የተማረች መሆን የለባትም፤ ጤና ጣቢያው የእሷ ነው። ሥራዎቹ ያለ ስም በቁጥር ይቅረቡ። አባሎቹ በየሁለት ዓመቱ ይቀየሩ፣ እስካሉ ድረስ የራሳቸውን ሥራ አያቅርቡ። የተመረጠው ሥራና የተከፈለው ዋጋ ይለጠፍ። ዋጋው ሲለጠፍ ኮሚሽን የሚቀበል እጅ ይደነግጣል። አንድ ሠዓሊ በሦስት ዓመት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ አይገዛለት። ዲግሪ አይጠየቅ፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያደጉ፣ ራሳቸውን ያስተማሩ፣ በጥልፍና በሸክላ የሚሠሩም ይግቡ።

አንድ ነገር ልጨምርና ቢከፋችሁም እለፉት። በሥልጣን ላይ ያለ ሰው ምስል በዚህ ገንዘብ አይገዛ። ሰውየው ሲቀየር ሥዕሉ የት እንደሚገባ ከዚህ በፊት አይተናል።

አሰቃቀሉ የእኔ ሙያ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር። ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው ግድግዳ ላይ አይሰቀል፤ ቀለሙ ይነጣል። በወረቀት ላይ የተሠራ ከሆነ መስታወትና ወረቀቱን ከመስታወቱ የሚያርቅ ካርቶን ይኑረው፤ ያለዚያ ክረምት ላይ ይላቡና ይጣበቃሉ። ጤና ጣቢያ ውስጥ በረኪና ከሚረጭበት ከፍታ በላይ ይሁን። በምስማር ብቻ አታንጠልጥሉት፣ በአራቱም ጥግ በብሎን ይታሰር፤ ሌባም ሆነ የተደገፈ ሰው አይጥለውም። ከታች በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በእንግሊዝኛ ትንሽ ጽሑፍ ትለጠፍ፦ ማን ሠራው፣ መቼ፣ «የአዲስ አበባ ሕዝብ ንብረት»። በየሁለት ዓመቱ ደግሞ ከወረዳ ወደ ወረዳ ይዘዋወር። የለሚ ኩራው ኮልፌ ይሂድ፣ የኮልፌው አቃቂ።

የቅጅ መብቱንም አትርሱ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥዕሉን መግዛት ሥዕሉን የማባዛት መብት መግዛት አይደለም። የገዛችሁትን በካላንደርና በቲሸርት ላይ ማተም ካማራችሁ ከሠዓሊው ጋር በተናጠል ተዋዋሉ፣ ለእሱም ክፈሉ።

ገንዘቡ ስንት ነው? ከተማዋ 11 ክፍለ ከተማ አላት። ለእያንዳንዱ በዓመት 4 ሥራ ቢገዛ 44 ይሆናል። በአማካይ 100,000 ብር ቢከፈል 4.4 ሚሊዮን ብር ነው። የከተማዋ የ2017 በጀት ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ ሆኖ ነው የጸደቀው። ከእያንዳንዱ 100,000 ብር ላይ 2 ብር አይሞላም ማለት ነው። ለፍሬም፣ ለማጓጓዝና ለመዝገብ ያዢ ደመወዝ እጥፍ ብታደርጉት እንኳ 4 ብር አይደርስም። በአሥር ዓመት 440 ሥራ ይኖራችኋል። ይህ ማንኛውም የከተማ ልጅ ትኬት ሳይቆርጥ የሚያየው፣ በየጤና ጣቢያውና በየመሶብ (የአንድ ማዕከል) አገልግሎት አዳራሹ የተበተነ ሙዚየም ነው።

«ዳቦ በተወደደበት ጊዜ ሥዕል?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ባነሩ ሲታተም ማንም አልጠየቀውም። ሠዓሊውም ቢሆን ዳቦ የሚገዛው ከዚሁ ገንዘብ ነው።

ፍሬም ሰሪ ስለሆንኩ ጥቅም አለህ እንዳትሉኝ አስቀድሜ ልናገር። ሥዕል ሲገዛ ፍሬም ይፈለጋል፣ ፍሬም ሲፈለግ እኔም እበላለሁ። ስለዚህ ደንቡ ከወጣ በፍሬሙ ጨረታ ላይ አልወዳደርም። የሠዓሊዎቹ የዱቤ ሂሳብ ከተዘጋልኝ ይበቃኛል።

የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል። የሚቀጥለው ዓመት በጀት ለምክር ቤቱ ከመቅረቡ በፊት ሦስት ነገር እንድታደርጉ እጠይቃለሁ። ለሥነ ጥበብ ግዢ የራሱ የበጀት መደብ ይከፈትለት፤ በ«ልዩ ልዩ ወጪ» ውስጥ ከተቀበረ በመጀመሪያው ስብሰባ ውሃና ኩኪስ ይበላዋል። የግዢና የንብረት መመሪያው በፋይናንስ ቢሮ በኩል ይውጣ። የመጀመሪያው ጥሪ ደግሞ የዘንድሮ ተመራቂዎች ኤግዚቢሽን ግድግዳ ላይ እያለ ይታወጅ፤ ኤግዚቢሽኑ ከወረደ በኋላ ግማሹ ሸራ ነጭ ይቀባል።

መልሳችሁን በደብዳቤ ባትጽፉልኝም ግድ የለም፣ በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ ለጥፉት። መጥቼ አነበዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የከተማችሁ ፍሬም ሰሪ

ግልባጭ፦
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ፋይናንስ ቢሮ
ለሠዓሊያንና ቀራፂያን ማኅበራት
ለየወረዳው ንብረት ክፍል